የጎልቦው እሺ

ስሙን ያወጣችላት ሜርሲ ናት። ደሚቱ ማክሰኞ ጠዋት ሞያሌ ያለው ቢሮዋ ስትገባ፣ ሜርሲ ከእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ኋላ ብድግ ብላ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ሙሽራ እንደሚቀበል ሰው ጎንበስ አለችና፦

«ካሪቡ፣ እመት እሺ!» አለቻት።

ደሚቱ ሳቀች። ሳቁ ግን ከጥርሷ አላለፈም። «ደግሞ እመት እሺ ማናት?»

«አንቺ ነሻ! ሜኔጃው ትናንት ከጎልቦ ተመልሶ ለዘበኛው ሳይቀር አወራ። ‹እነዚያን ሽማግሌዎች እሺ አሰኘቻቸው› እያለ። እኔ የምልሽ፣ አንድ ቀን ቤት መጥተሽ ያንን ደረቅ ባሌን እሺ አታሰኚልኝም?»

የሜርሲ አባት የዚሁ አገር ሰው፣ ሜሩ ናቸው፤ እናቷ ከድንበሩ ማዶ የመጡ። አማርኛዋ ከስዋሂሊ ጋር ተጋብቶ፣ ወልዶ ከብዶ የሚኖር አማርኛ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ደሚቱ የሚመጥናት መልስ አታጣም ነበር። ዛሬ ግን «እስቲ ሥራሽን ሥሪ» ብላ አለፈችና ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ቦርሳዋን ከትከሻዋ አላወረደችም። ቦርሳ አንግቶ መቀመጥ ለመሄድ የተነሳ ሰው ነገር ነው፤ እሷ ግን የምትሄድበትን አታውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደሚቱ የምትሠራበት ድርጅት ከአርብቶ አደሮች ከብት ገዝቶ ወደ ናይሮቢ ይልካል። ከብቱ ተገዝቶ፣ ሐኪም አይቶት፣ ተከትቦ እስኪጫን ድረስ የሚቆይበት የታጠረ ግቢ ያስፈልጋል። ለግቢው ድርጅቱ የመረጠው ጎልቦ ውስጥ፣ ኩሬ አጠገብ ያለ መሬት ነው። መሬቱ የጋራ ነው፤ ያለ ሽማግሌዎቹ ፈቃድ አይታጠርም። ሰኞ ዕለት ደሚቱና ሥራ አስኪያጁ ዶቃታ ፈቃድ ሊጠይቁ ወጡ። እሱ ተናገረ፣ እሷ አስተረጎመች። ሲመለሱ ዶቃታ ፈቃዱ ተገኝቷል ብሎ ናይሮቢ ደወለ። ሐሙስ የአጥሩ ብረት ይጫናል። አጥሩ ከቆመ ደሚቱ አስተርጓሚነቷ ይቀርና የማኅበረሰብ ጉዳይ ኃላፊ ትሆናለች።

ሽማግሌዎቹ ግን አልፈቀዱም። ይህን የምታውቅ ቢሮው ውስጥ እሷ ብቻ ናት።

ደሚቱ ይህን ሥራ የወረሰችው ከዘመድ አይደለም፤ ከእናቷ ንዴት ነው። እናቷ ዲንቁ፣ ከድንበሩ ማዶ መንግሥት በተለወጠ ጊዜ፣ እሷን በሆዷ ይዛ ነው ድንበር የተሻገረችው። መጠለያ ካምፕ ውስጥ አንድ መኮንን ፊት አስቀመጧትና ታሪክሽን ተናገሪ አሏት። ተናገረች። ከቤት የወጣችበትን ማለዳ፣ ባሏ የቀረበትን መንገድ፣ ጫማዋን ሰጥታ ውሃ የጠጣችበትን ቤት፣ አንድም ሳታስቀር ተናገረች። አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠረገና ጥቂት ቃል ጣል አደረገ። መኮንኑም ጥቂት ቃል ጻፈ።

«እኔ አንድ ወንዝ አወራሁ» ትላለች ዲንቁ እስከ ዛሬ፣ ነገሩ ሲነሳ ዓይኗ እየቀላ። «እሱ አንድ ጣሳ ቀዳ። የቀረው የት ፈሰሰ?»

ደሚቱ ይህን እየሰማች አደገች። ልጅ ሆና እናቷን ክሊኒክ ስታጅብ፣ ለሐኪሙ ሕመሙን ብቻ ሳይሆን «ወይኔ» የምትለውንም ጭምር ትነግረው ነበር። ከፍ ስትል ገበያ መሐል ቆማ ለነጋዴ ማስተርጎም ጀመረች። አንድ ጊዜ ከማዶ ሽንኩርት ጭኖ የመጣ ነጋዴና አንዲት የቦረና ሴት ዋጋ ላይ ተጣሉ። ሴትዮዋ የተናገረችውን ደሚቱ ወደ አማርኛ መለሰችለት፦ «ሽንኩርትህ እንደ አንተ ከውጭ ወፍራም፣ ከውስጥ ባዶ ነው ትላለች።» ሰውየው ደሙ ፈላ። «አንቺ ልጅ፣ ስድቡን እንኳ ብትተዪው ምን ነበር!» «ስድቡም የሷ ነው» አለችው ደሚቱ። «እኔ ምን አገባኝ፣ ከየት አምጥቼ ልቀንሰው?» ገበያተኛው በሳቅ ፈረሰ፤ ሽንኩርቱም ተሸጠ። ከዚያ ወዲህ ሞያሌ ውስጥ «ጉዳይህ ከባድ ከሆነ ደሚቱን ያዝ፣ አትጨምርም አትቀንስም» መባል መጣ።

ድርጅቱ የቀጠራት በዚህ ስሟ ነው። ነገር ግን አስተርጓሚ ምንጊዜም የጠረጴዛው ጥግ ላይ ነው የሚቀመጠው። ስብሰባ ላይ ሻይ ሲዞር እሷ ጋ ሲደርስ እየተናገረች ስለሆነ ይቀዘቅዛል። ትኩስ ሻይ ጠጥታ የወጣችበት ስብሰባ ትዝ አይላትም። «ደሚቱ፣ ምን አሉ?» ይሏታል እንጂ «ደሚቱ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?» ያላት የለም። ስንቱን ክርክር በአፏ አሳልፋለች፤ ስንቴ ሁለቱም ወገን ሲሳሳት እያየች፣ ልናገር አልናገር ብላ ዋጥ አድርጋለች። እና ሰኞ ጠዋት፣ መኪና ውስጥ፣ ዶቃታ «ይሄ ነገር ከተሳካ አንቺን ኃላፊ እንዲያደርጉ ለጆሴፍ ነግሬዋለሁ» ሲላት ጆሮዋ ጭው አለ። ጆሴፍ ናይሮቢ ያለው የበላይ አለቃ ነው። ጎልቦ እስኪደርሱ ድረስ ደሚቱ በሐሳቧ ያን ትኩስ ሻይ ስትጠጣ ነበር።

ጎልቦ ግራር ሥር ሽማግሌዎቹ ጠበቋቸው። ነገሩን የሚመሩት ሁቃ የሚባሉ፣ ጢማቸው በሂና የቀላ ሽማግሌ ነበሩ። ዶቃታ አነጋገር ያውቃል፤ ንግግሩን ቆራርሶ፣ ለትርጉም እያመቸ ስለ ግቢው፣ ስለ ሐኪሙ፣ ስለ ገበያው ተናገረ። ደሚቱ እያንዳንዱን ወደ ቦረንኛ ስታዞር ሁቃ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳጋደሙ «ሃዬ» ይላሉ። ቀጥሎ «ሃዬ»። አሁንም «ሃዬ»።

«ሃዬ» የአድማጭ ቃል ነው። በዚያ አገር ሰው ሲናገር አፍን ዘግቶ ማዳመጥ ነውር ነው፤ ተናጋሪው ከድንጋይ ጋር የሚያወራ እንዳይመስለው በየመሐሉ «ሃዬ» ይባልለታል። አለሁ፣ ሰምቼሃለሁ፣ ቀጥል ማለት ነው። አንዳንዴ ደግሞ መስማማትም ይሆናል። ቁርጥ እንደ አማርኛው «እሺ»።

«ምን አሉ?» አላት ዶቃታ።

«እሺ ይላሉ።»

ውሸት አልተናገረችም። ግን ከእሷ አፍ «ቀጥል» ሆኖ የወጣው ቃል እሱ ጆሮ ሲገባ «ውሰድ» ሆነ። ፊቱ ሲበራ አየችው። ያኔ «እያዳመጡ ነው ማለቴ ነው» ብትል አለቀ ነበር። አላለችም። በመጨረሻ ሁቃ አንገታቸውን ቀና አድርገው ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ፦ ቃሉ ጆሯቸው እንደገባ፣ ያ መሬት ግን ካሎ እንደሆነ፣ ማለትም ለጥጆችና ለደካማ ከብት በበጋ የሚጠበቅ ግጦሽ፣ ልጆቻቸው ከብቱን ይዘው ሩቅ እንደሄዱና እነሱ ሳይመለሱ በካሎ ላይ ነገር እንደማይቆረጥ። ደሚቱ ወደ ዶቃታ ዞረች።

«ሰምተናል ይላሉ። ለልጆቻቸውም ይነግራሉ።»

አንድ ጣሳ።

ሽማግሌዎቹ ተነሱ። ነገር ሲያልቅ ሽማግሌ ይመርቃል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ምርቃት የሌለበት ሸንጎ ያላለቀ ሸንጎ ነው። ሁቃ ግን አቧራቸውን አራግፈው ወደ ከብታቸው ሄዱ። ዶቃታ የናይሮቢ ልጅ ነው፤ ይህን አያውቅም። ቡርጂ ወላጆቹ ከዲንቁ ጋር በአንድ ካምፕ ያሳለፉ፣ አማርኛም ያስተማሩት ቢሆኑም፣ እሱ ያደገውም የተማረውም እዚያ ከተማ ነው። መኪናው ገና ሳይነሳ ስልኩን አወጣና፣ «ጆሴፍ፣ እሺ ብለዋል!» አለ።

እንግዲህ ማክሰኞ ጠዋት ደሚቱ ቦርሳዋን አንግታ የተቀመጠችው ይህን ይዛ ነው።

ብዙ ሳትቆይ ዶቃታ ጠራት። ቢሮው ሳይሆን ኮሪደሩ መጨረሻ ያለችው ክፍል በር ላይ ቆሞ ነበር። የክትባት ሳጥን የሚከመርባት ክፍል ናት። መስኮቷ ወደ ዋናው መንገድ ነው፤ ሞተሩ፣ የፍየል ነጂው፣ ከማዶ የሚመጣው ሰው ሁሉ ከዚያ ይታያል።

«ሳጥኑን አስወጣዋለሁ» አለ፣ እጁን እያሸ። «ጠረጴዛሽ እዚህ ይሆናል። ሰው ሲመጣ ፊት ለፊት ታዪዋለሽ። ምን ይመስልሻል?»

ምን ይመስልሻል! እንደዚህ ብሎ የጠየቃት የመጀመሪያው ሰው ነው።

«ጋሼ ዶቃታ፣ የሰኞው ነገር…»

«አውቃለሁ፣ ደክሞሻል። ፀሐዩስ ቢሆን! ዛሬ በጊዜ ግቢ።»

«አይ፣ እሱን አይደለም። ሽማግሌው መጨረሻ ላይ ያሉት…»

ስልኩ ጮኸ። እያየው፣ «ብረት የሚያመጡት ናቸው» አለ። «ስሚ፣ ሐሙስ ከጭነቱ ጋር አብረሽን ትወጫለሽ። ሰዎቹ የሚያውቁት አንቺን ነው፤ ፊትሽን ሲያዩ ደስ ይላቸዋል። እሺ?»

«እሺ» አለች ደሚቱ።

እሱ በስልኩ እያወራ ሄደ። እሷ ባዶው በር ላይ ቀረች። ከአፏ የወጣውን ቃል መልሳ ልትይዘው የፈለገች ይመስል እጇን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

ያን ቀን ሙሉ ሐሙስን ታስባለች። ብረቱ ሲራገፍ፣ ጉድጓድ ሲቆፈር፣ ሁቃ በዱላቸው ተደግፈው ከሩቅ ሲመጡ። ምን ይሏታል? ከዚያ ሩቅ የሄዱት ጎረምሶች ጥጃ እየነዱ ሲመለሱ፣ ካሎውን በሽቦ ታጥሮ ሲያገኙት ምን ያደርጋሉ? ጎረምሳ ዱላ ያነሳል። ዘበኛም ዱላ ያነሳል። «ማን ፈቀደ?» ይባላል። «እናንተው እሺ ብላችኋል።» «ማን አለ?» ከዚያ ሁሉም ዞሮ እሷን ያያል።

ሐሳቧ ግን በዚህ አላበቃም፤ ሌላም ድምፅ ነበራት። ምናልባት ይፈቅዱ ይሆናል፣ ይላል ያ ድምፅ። ምናልባት ልጆቹም ሃዬ ይላሉ። ኃላፊ ከሆንሽ በኋላ እኮ ነገሩን ራስሽ ታስተካክይዋለሽ፣ ሥልጣኑ ሲኖርሽ። ይህ ሁለተኛው ድምፅ ለስላሳ ነው። ይበልጥ የሚያስፈራትም እሱ ነው።

ቡቲዬ ሰፈር፣ ቤቷ ስትደርስ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። ባሏ ዋቆ ግቢው ውስጥ አንድ ሞተር ፈታትቶ፣ እጁ እስከ ክርኑ በግራሶ ጠቁሮ ተቀምጧል። ሞተር ጠጋኝ ነው፤ ወሬ ደግሞ ከጥገናው እኩል ይችላል።

«ቦሷ መጣች!» አለ። «ዛሬ ስንት ደንበኛ ነው ‹ሚስትህ ሹም ልትሆን ነው አሉ› ያለኝ! ‹አዎ፣ ከእንግዲህ በቀጠሮ ነው የማገኛት› እላቸዋለሁ።»

«ዋቆ፣ ለሰው አትንገር።»

«ነገርኩ እኮ። ምነው?»

ወደ ቤት ገባች። እናቷ ዲንቁ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ከሳጥን ያወጣችውን አረንጓዴ ሻሽ ጭኗ ላይ ዘርግታ በመዳፏ ታለሰልሳለች። ለበዓል እንኳ የማይወጣ ሻሽ ነው።

«የሹመትሽ ቀን ታስሪዋለሽ» አለች። «ነይ ተቀመጪ። ትናንት ደክሞኛል ብለሽ ተኛሽ። የጎልቦው ሽማግሌ ምን አለ?»

ይህ የቤቱ ደንብ ነው። ደሚቱ ከሥራ ስትመለስ ዲንቁ፣ ማን ምን እንዳለ፣ ማን እንዴት እንደመለሰለት፣ ማን ተቆጥቶ ማን እንደሳቀ፣ አንድ ሳይቀር ትሰማለች። ያቺ ካምፕ ውስጥ የፈሰሰችው ወሬ በየምሽቱ በጥቂት በጥቂቱ የምትመለስላት ይመስል።

«ተስማሙ፣ በቃ» አለች ደሚቱ።

ዲንቁ ሻሹን ማለስለሷን አቆመች። «በቃ?»

«በቃ።»

«ዛሬ አጭር ነው» አለች እናቷ። ሻሹን አጠፈችው።

ደሚቱ ተመልሳ ግቢ ወጣች። ዋቆ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ነገረችው። እሱ ሰንሰለቱን በጨርቅ እየጠረገ በየመሐሉ «ሃዬ… ሃዬ…» እያለ ሰማት። ስትጨርስ ጠየቃት፦

«መርቀዋል?»

«አልመረቁም።»

«ሳይመርቁ ተነሱ?»

«ተነሱ።»

«ታዲያ ምኑ አለቀ? ፀሐይ ልትሞቁ ነው እንዴ የሄዳችሁት?» ሊስቅ አሰበና ፊቷን ሲያይ ተወው። «ለዶቃታ ንገሪዋ።»

«ዛሬ ልነግረው ነበር። ሐሙስ አብረሽን ትወጫለሽ፣ እሺ? አለኝ። እሺ አልኩት።»

«እሺ ስትይው ምን ማለትሽ ነው?»

«መስማቴ ነዋ።»

«እሱስ ምን ሰማ?»

ደሚቱ ቀና ብላ አየችው። ዋቆ አዋቂ ለመምሰል የተናገረው አልነበረም፤ ጥያቄውን ጠይቆ ሲያበቃ ጎንበስ ብሎ የወደቀበትን ብሎን መሬት ላይ መፈለግ ጀምሯል።

«ክፍሉን ባጣውስ?» አለችው።

«ታጪዋለሽ» አለ፣ ብሎኑን እየፈለገ። «ምናልባት ሥራውንም። እኔ ምን አውቄ? አንቺ ግን ትናንት ማታ በእንቅልፍሽ ስታወሪ ነበር። በአማርኛ። ምን እንደምትይ አልገባኝም፤ አንዷን ቃል ብቻ ነው የያዝኳት።»

የትኛዋ እንደሆነች አልጠየቀችውም።

ረቡዕ ጠዋት ሜርሲ «ሳዋ ነሽ፣ እመት እሺ?» ስትላት ደሚቱ አልሳቀችም። በቀጥታ ዶቃታ ቢሮ ገባችና በሩን ዘጋች።

«ጋሼ ዶቃታ፣ ትናንት ሐሙስ ትወጫለሽ ሲሉኝ እሺ አልኩዎት።»

«አዎ።»

«መስማቴን ነው እንጂ መስማማቴን አይደለም።»

ግራ ገባው። «አትሄጂም?»

«ብረት ተጭኖ አልሄድም። ሽማግሌዎቹም ሰኞ ያሉን እንደዚሁ ነው። ሃዬ ያሉት ሰምተናል ብለው ነው። አልፈቀዱም።»

ዶቃታ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ሃዬን እኔም አውቃታለሁ፣ ደሚቱ። ገበያ ላይ ሃዬ ሲሉኝ ከብቱን ነድቼ እሄዳለሁ።»

«ሃዬ ብቻ ሲሉዎት ነድተው ያውቃሉ? እጅ ሳይመቱ?»

ገበያ ላይ ዋጋ ሲቆረጥ እጅ ለእጅ ይማታሉ፤ ያን ሳያደርግ የነዳው ከብት የለም።

«የሽማግሌዎቹ እጅ ምርቃት ነው» አለች። «ሰኞ አልመረቁም። ሁቃ መጨረሻ ላይ የተናገሩትንም አሳጥሬብዎታለሁ። መሬቱ የጥጃ ግጦሽ ነው፣ ልጆቻችን ሳይመለሱ አይቆረጥም ነው ያሉት።»

ዶቃታ ብድግ አለ። መስኮቱ ጋ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ። «እኔ እኮ ለጆሴፍ ነግሬዋለሁ! እሱም ከእሱ በላይ ላሉት። በስልክ፣ አንቺ አጠገቤ ተቀምጠሽ! ለምን ያኔ አልነገርሽኝም?»

«ክፍሉን ፈልጌ ነው።»

መልሱ ግልጥ ስለሆነ የሚቆጣበት ቦታ አጣ። ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ።

«አሁንስ አትፈልጊውም?»

«እፈልገዋለሁ» አለች። «በጣም ነው የምፈልገው። ግን እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ከጎልቦ ሰው ሲመጣ በምን ዓይኔ ነው የማየው? መስኮቱም እኮ ወደ መንገዱ ነው።»

ዶቃታ ፊቱን በሁለት እጁ አሸ። ቀና ሲል ሰኞ ካየችው ሰው አርጅቶ ታያት። እሱም በላዩ ሰው አለበት፣ እሱም ልጆች አሉት፣ እሱም ያን ስልክ ሲደውል ደስ ብሎት ነበር።

«ብረቱ ይቆይ» አለ በመጨረሻ። «ነገ እንወጣለን፣ ባዶ እጃችንን። እንደገና ይጠየቁ። እምቢ ካሉ ግን ለጆሴፍ የምትነግሪው አንቺ ነሽ። እኔ ይህን ነገር ሁለተኛ በአፌ አላደርገውም።»

ሐሙስ ዕለት መንገዱ ረዘመ። ማንም ሬዲዮ አልከፈተም። ግራሩ ሥር ሁቃ ቀድመው ተቀምጠዋል። መኪናው ባዶ መሆኑን ከሩቅ አይተው ነበር መሰል ፊታቸው ፈታ ብሏል።

ደሚቱ ሰላምታውን፣ የከብቱን ደህንነት፣ የዝናቡን ነገር በወጉ ከጠየቀች በኋላ ነገሩን ከሥሩ አነሳችው። ሰኞ የተባለውንና እሷ የተረጎመችውን ሁለቱንም ነገረቻቸው። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሁቃ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ።

«ልጄ» አሉ፣ «እኔማ ሰኞ ያን ሁሉ ተናግሬ አንቺ ቶሎ ስትጨርሺው ጊዜ፣ ይሄ አማርኛ የሚባለው እንዴት ያለ አጭር ቋንቋ ነው ብዬ ስገረም ነው የሰነበትኩት!»

ሁሉም ሳቁ። ደሚቱ ፊቷ እንደ እሳት ነደደ። ከዚያ ወደ ዶቃታ ዞራ ቀልዱን ሳታስቀር ተረጎመችለት። እሱም ሳይወድ ከንፈሩ ፈገግ አለ።

ሁቃ ቀጠሉ፤ ረጅም ነበር። ካሎው በአባቶቻቸው ዘመን እንዴት እንደተከለለ፣ ባለፈው ድርቅ ስንት ጥጃ በሱ እንደተረፈ፣ ድርጅቱ እንዲሄድ እንደማይፈልጉ፣ ከብት ገዢ እንደማይጠሉ፣ ዝናብ ጥሎ ልጆቹ ሲመለሱ ከመንገዱ ወዲያ ወደ ጎዶማ ያለውን መሬት አብሮ ማየት እንደሚቻል፣ እሱም ቢሆን ዛሬ ቃል እንዳልተገባ። ደሚቱ አንድም አላስቀረች። ዶቃታ ወንበሩ ላይ ተንቀሳቀሰ፣ ሰዓቱን አየ፣ እሷ ግን ቀጠለች። የመጣላት ወተት የበዛበት ሻይ እግሯ ሥር ቀዘቀዘ።

አሁንም ምርቃት አልነበረም። «ገና ነዋ» አሉ ሁቃ፣ እየተነሱ።

ከግራሩ ራቅ ብሎ ስልክ የሚይዝበት ጉብታ አለ። ዶቃታ ወጣና ደወለ፤ ሰላምታ ተለዋወጠ፤ ከዚያ ቃል አጠረው። «አይ፣ እሺ ብለው ነበር… አይ፣ እሺ ማለት እኮ… ቆይ» አለና ስልኩን ዘረጋላት።

ደሚቱ ተቀበለችው። ለጆሴፍ በስዋሂሊ ነገረችው። ይህን ጊዜ የማንንም ቃል አላዞረችም። ሰኞ እኔ ነኝ ያሳሳትኩት አለች። አጥር ከቆመ ጠብ ይነሳል ብዬ አምናለሁ አለች። የጎዶማው ወገን ይሻላል፣ መጠበቅ ግን ይፈልጋል አለች። «ብዬ አምናለሁ» የሚለው ከአፏ ሲወጣ እንግዳ ሆነባት፤ የሌላ ሰው ልብስ የለበሰች መሰላት።

«ሳዋ» ይላል ጆሴፍ በየመሐሉ። «ሳዋ… ሳዋ…»

ደሚቱ ቆም አለች። ሳዋም እንደ እሺ ናት፤ በሁለት በኩል የምትከፈት በር። ልታልፈው ትችል ነበር። ደስ የሚላትን ወስዳ ስልኩን መዝጋት ትችል ነበር።

«ይቅርታ፣ ጆሴፍ» አለች። «ሳዋ ያሉኝ ሰማሁሽ ነው ወይስ ተስማማሁ?»

ነፋሱ በስልኩ ውስጥ ያፏጫል። ዶቃታ አቀርቅሮ በጫማው ጠጠር ሲገፋ የነበረውን አቆመ። ጆሴፍ ተናገረ፤ ትንሽ ተናገረ። ደሚቱ «እሺ፣ ሰምቻለሁ» አለችና ስልኩን መለሰች።

«ምን አለ?» አላት ዶቃታ።

«ለጊዜው ሰምቼሻለሁ ነው አለ። መስማማቱን አልተናገረም። ከበላዮቹ ጋር ተነጋግሮ ሰኞ ይደውላል። ብረቱ እስከዚያ አይጫን አለ። ስለ ክፍሉ እኔም አልጠየቅሁት፣ እሱም አላነሳው። አሳጥረሽ መተርጎምሽ ግን ደስ አላለኝም አለ። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰ።»

ዶቃታ ስልኩን ኪሱ ከተተ። «መተንፈሱንም ትነግሪኛለሽ እንዴ?»

«መተንፈሱም የሱ ነው» አለች ደሚቱ፣ ወደ መኪናው እየወረደች። «ከየት አምጥቼ ልቀንሰው?»